የሰጋቱራ ምድጃና የአማቴ ስለት

ኮልፌ ውስጥ ጀልባ የሚሠራ ሰው «ትንሳፈፋለች ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅ ከመሰላችሁ ኮልፌን አታውቋትም። እኔን የጠየቁኝ «ውኃው የት ነው?» ብለው ነው። እውነታቸውን ነው። ከእኔ ግቢ ተነስታችሁ እስከ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ብትሄዱ የምታገኙት ውኃ ክረምት ላይ መንገድ የሚቆርጠውን ጎርፍ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚፈልገው ድልድይ እንጂ ጀልባ አይደለም።

እኔ ግን የማወራችሁ ስለ ጀልባዋ አይደለም። ጀልባዋ ቀላሏ ነበረች። ያስለቀሰኝ፣ ያጨሰኝ፣ ሰፈር ያስነሳብኝ በጀልባዋ ሆድ ውስጥ የተከልኩት ምድጃ ነው። «ጀልባ ላይ ደግሞ ምድጃ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ከመሳቃችሁ በፊት ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ነጋዴ ነኝ። ባዶ በርሜል፣ አሮጌ ቆርቆሮ፣ ጣሳ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ በርና መስኮት እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። ሰው የጣለውን አንስቶ «ይኼ ለአንድ ነገር ይሆናል» ማለት እንጀራዬ ነው። የዚህ ሥራ ጉዳቱ፣ እየቆየ ሲሄድ ሁሉም ነገር ለአንድ ነገር የሚሆን መምሰሉ ነው። ባለቤቴ ሙሉነሽ ይህን በሽታዬን ከተጋባን ጀምሮ ታውቀዋለች። ጓሮ ቆሜ አንድ ብረት ሳገላብጥ ካየችኝ ጭስ ሊመጣ ነው ብላ ልብስ ከገመድ ላይ ታወርዳለች።

ነገሩን ያመጣው አባቷ ናቸው። አባባ ተሰማ የዝዋይ ሐይቅ ደሴት ተወላጅ ናቸው። ከደሴቱ ወጥተው ኮልፌ ከከተሙ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ሆኖም ዛሬም ዝናብ ካባራ በኋላ ደጃፉ ላይ የተኛውን ውኃ አይተው ነገ ንፋስ ከየት እንደሚነሳ ይናገራሉ። ሙሉነሽ ሴት ልጃችንን ያማጠች ለት ነገሩ ከፍቶ ነበር። እኔ ከግድግዳ ግድግዳ ስላተም እሳቸው አጥሩ ሥር ተንበርክከው ተሳሉ። እናትም ልጅም ተረፉ። ስለቱ ዘርፋም ጥላ ነው፤ ለደሴቲቱ ጽዮን፣ በኅዳር ጽዮን ዕለት፣ ራሳቸው ሐይቁን ተሻግረው በገዛ እጃቸው ሊያስገቡ።

ጥላው ወዲያው ተገዛ። ሰውየው ግን ወዲያው ታመሙ። ቁርጥማት ጉልበታቸው ውስጥ ገብቶ ተከራይ ሆነ። ሐኪሙም «ይህን ጉልበት ደህና ብርድ ካገኘው አልጋ ላይ ነው የሚያውልዎት» አላቸው። የኅዳር ጽዮን ሐይቅ ደግሞ ደህና ብርድ የሚባለው ራሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ንፋስ ስለሚነሳ ሰው የሚሻገረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ የሚሻገረውም ከቀጠማ በታሰረች ታንኳ ነው፤ ታንኳዋም ውኃ ከሥር ታስገባለች። በጎሕ፣ በኅዳር፣ መቀመጫው የራሰ ሽማግሌ። ስለዚህ ጥላው በነጠላ ተጠቅልሎ እልፍኝ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ልጅቱ ዳዴ አለች፣ ቆመች፣ መሮጥ ጀመረች። እሷ ሮጣ በገባች ቁጥር አባባ ተሰማ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ጥላውን ያያሉ።

«እኔ ላድርስልዎ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«በእጄ ነው ያልኩት።»

«እጅዎና እጄ ምን ይለያያል?»

«አንተ የምትሸጠውና የምትገዛው ያንተው ነው። ይህ የእኔ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሞትስ አይቀርም። ስለቴን ሳላስገባ እዚያ ስደርስ ምን እላታለሁ?» አሉኝ።

ሰው እንዲህ ሲላችሁ ዝም ማለት ትችላላችሁ። እኔ ግን «ቤት ያላት ጀልባ ሠርቼ፣ ቤቷን በእሳት አሙቄ አሻግርዎታለሁ» አልኩ። ቃልና ካትራሜ አንድ ናቸው፤ አንዴ ከተቀቡ አይለቁም።

ጣውላውን ከጎረቤቴ ከሐጂ ሸረፋ ወሰድኩ። ሐጂ አጠና ተራ እንጨት ይነግዳሉ፤ ለሰው ችግር ቀድመው ይደርሳሉ፣ በሰው ሥራ ደግሞ ቀድመው ይስቃሉ።

«ምን ልትጭንባት ነው?» አሉኝ የጀልባዋን አጥንት ዞረው እያዩ።

«አማቴን።»

«ለአማት ይህን ያህል? እኔ ለአማቴ አንድ ቀን ከወንበር ተነሳሁና እስከ ዛሬ አወራዋለሁ።»

ስፌቷን በጥጥ ጠቅጥቄ በካትራሜ ደፈንኳት። ከላይዋ ከፈረሰ ቤት የወጣ በርና አረንጓዴ መስኮት ያላት ትንሽ ክፍል ተከልኩባት። በሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ግቢ መሀል ተቀምጣ ሳያት፣ እንግዳ ሆና መጥታ ልትከርም ያሰበች ዘመድ ትመስል ነበር። አሁን የቀረኝ ምድጃ ነው።

መጀመሪያ የከሰል ምድጃ አስገባሁ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ከሰል በተዘጋ ቤት እንደሚመታ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን «ይህቺ ቤት አይደለችም፣ ጀልባ ናት» አልኩ። እንዲህ ያለው ብልጠት ስንቱን ብልጥ እንደቀበረ አላሰብኩም። በርና መስኮት ዘግቼ ሙቀቷን ልለካ ቁጭ አልኩ። ጥሩ ሞቀ። ከዚያም እናቴ ካረፈች ጀምሮ አይቼው የማላውቀው ጣፋጭ እንቅልፍ መጣ። ሙሉነሽ ለምሳ ልትጠራኝ መጥታ በሩን ስትከፍት ፈገግ ብዬ ወደ ግራ ዘንበል ብያለሁ አሉ። በአንገቴ ጎትታ አወጣችኝ። ሎሚ አስሸተቱኝ። አባባ ተሰማ ከበረንዳው ሆነው፣ «እኔን አሻግራለሁ ያለው ሰው ራሱ ሊሻገር ነበር» ሲሉ ሰማሁ።

ራስ ምታቱ ሲለቀኝ የላምባ ምድጃ አመጣሁ። ከሰሉ ያስተማረኝ ነገር ስለነበር አሁን ብልህ ሆኛለሁ፤ መስኮቱን ከፍቼ ነው። ደግሞም ሐይቅ ላይ ማዕበል አለ ብዬ ሐጂ ሸረፋን ለመንኳቸው፤ «እርስዎ በዚያ፣ እኔ በዚህ ይዘን እንወዝውዛት፣ ምድጃው ይቆም እንደሆነ እንይ።» ሐጂ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩት ሥራ ይመስል እጅጌያቸውን ሰብስበው ወዘወዟት። ምድጃው ቆሞ አልቀረም። ላምባው ፈሰሰ፣ እሳቱም ላምባውን ተከትሎ ሄደ። በአሸዋ አጠፋነው። ከወለሉ አንድ ጣውላ ከሰለ።

«አማትህን ልታሞቅ ነው ወይስ ልትጠብስ?» አሉኝ ሐጂ አሸዋውን ከእጃቸው እያራገፉ። «ለይተህ ንገረኝ፣ እንጨቱን እንደ አሳብህ እመርጥልሃለሁ።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። ሙሉነሽም «ተወው» አለችኝ። እንዲያውም «አባዬን ጋቢ ደርበን እንወስዳቸዋለን» አለችኝ። ጋቢ። ጋቢ ውኃ ሲነካው ምን እንደሚሆን የማታውቅ ይመስል። እኔ ግን ጓሮ ሄጄ ቆሜ ሳስብ እግሬ ከቁርጭምጭሚት በላይ ሰጋቱራ ውስጥ ገብቶ አየሁት። ጀልባዋን ስንሠራ ከመጋዙ ሥር የወረደው ሁሉ ተከምሯል። የሰጋቱራ ምድጃ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያበስልበት፣ ከአፍንጫዬ ሥር የነበረው። ሰጋቱራው በጣሳ ይጠቀጠቃል፣ መሀሉ ላይ እንደ ጉሮሮ ቀዳዳ ይተውለታል፣ ከሥር ይለኮሳል፤ ከዚያ ሳይነድ፣ ሳይቸኩል፣ ረጅም ሰዓት ይግማል። ቢወዘወዝ የሚፈስ የለው። ጀልባዋ በገዛ ፍርፋሪዋ ልትሞቅ ነው።

የበርሜል ቁራጭ ወለሉ ላይ በቡሎን አሠርኩ፤ ከሥሩ አሸዋ አነጠፍኩ። ጣሳዋ በርሜሉ ውስጥ ትገባለች፤ በርሜሉ ክዳን አለው፤ ከክዳኑ የጭስ ቱቦ ይወጣል። ቱቦውን በጣሪያው እንዳላወጣው ዝናብ ያስገባብኛል፤ ስለዚህ በኋለኛው ግድግዳ ቀድጄ አወጣሁት፣ ከውጭ ክርን ሰጥቼ ሽቅብ አቆምኩት። እንጨቱን እንዳያነደው፣ የነካውንም ሰው እንዳይልጠው፣ ከታች እስከ ሰው ትከሻ ድረስ ሌላ ሰፋ ያለ ቆርቆሮ አለበስኩትና በመሀላቸው አመድ ሞላሁበት። በሽቦም ጥፍር አድርጌ አሠርኩት። ያን ቱቦ ለመንቀል በሬ ያስፈልግ ነበር።

ሰጋቱራውን ግን መጠቅጠቅ አቃተኝ። ጠርሙስ መሀል አቁሜ ዙሪያውን እሞላለሁ፣ ጠርሙሱን ስስበው ሁሉም ይናዳል። ሙሉነሽ በረንዳ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየች።

«ወንድ ሰጋቱራ ሲጠቀጥቅ አይቼ አላውቅም ነበር» አለች። «አሁን ለምን እንደማይጠቀጥቅ ገባኝ።» ጣሳውን ተቀብላኝ ትንሽ ውኃ አርከፈከፈችበት፣ በዱላ ጫፍ ጠብጠብ አደረገችው፣ ጠርሙሱን ጠምዝዛ ሳበችው። ጉሮሮው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሳልጠይቃት ሁለተኛ ጣሳ ሞላችልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ተወው» የሚለውን ቃል ከአፏ አልሰማሁም።

እሑድ ቀትር ላይ ለኮስኩት። በሩንም መስኮቱንም የኅዳር ብርድ እንደመጣ ሁሉ ጥርቅም አድርጌ ከውጭ ቆሜ ቱቦውን አያለሁ። በቱቦው ምንም አልወጣም። በበሩ ስንጥቅ፣ በመስኮቱ ጠርዝ፣ በምስማሩ ቀዳዳ ሁሉ ግን ጭስ መውጣት ጀመረ። ጀልባዋ ከጆሮዋም ከአፍንጫዋም ታጨሳለች። አየር ከሥር ካልገባ ጭስ ከላይ እንደማይወጣ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ሰፈሩ ደግሞ እስኪገባኝ አልጠበቀም።

የኮልፌ ሰው ለሐዘንና ለእሳት አይጠራም፣ ራሱ ይመጣል። ሙስሊሙ ከሶላት ሲመለስ፣ ክርስቲያኑ ከቀትር እንቅልፉ ብድግ ሲል፣ ሁሉም ጭሱን አየ። አጥሬን አልፈው የገቡበትን መንገድ እስከ ዛሬ አላወቅሁትም፤ በሩን ከፍቼላቸው አላስታውስም። በባልዲ፣ በገንቦ፣ አንዲት ሴትዮ በባኞ። «ምድጃ ነው፣ እሳት አይደለም» እላለሁ፤ «ምስኪን፣ ደንግጦ ይቀባጥራል» ይላሉ። የጀልባዋን በር በርግደው ውኃውን ወደ ውስጥ ይደፉታል። ጭሱ ጠፋ፣ እነሱ ግን አላቆሙም፤ ባልዲ ይዞ ከሩቅ የመጣ ሰው ሳይደፋ አይመለስማ። በዓለም ላይ ስንት ጀልባ ሰምጧል። ሐይቅ ሳታይ ግቢ ውስጥ፣ በጎረቤት እጅ የሰመጠች ግን የእኔዋ ናት።

ሲበርድላቸው ሁሉም ዞሮ አየኝ። ያን ጊዜ ሐጂ ሸረፋ ጎንበስ ብለው የጀልባዋን ሆድ ከሥር ዳሰሱ። አንድ ጊዜ ዞሯት። እጃቸውን አይተው ለሰው ሁሉ ዘርግተው አሳዩ።

«ደረቅ ነው» አሉ። «ይህ ሁሉ ውኃ ሆዷ ውስጥ ነው፣ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ከውስጥ ያላፈሰሰች ከውጭ አታስገባም።»

ሰፈሩ እየዳሰሰ መሰከረ። ሊያጠፉ መጥተው ሊመርቁ ሄዱ። እኔም ውኃውን ቀድቼ፣ አድርቄ፣ ከበሩ ሥር የአየር ቀዳዳ በሳሁ፤ በቱቦው ጫፍ ላይ ንፋስ እንዳይመልሰው ጣሳ ደፋሁበት። በሚቀጥለው ጊዜ ስለኩሰው ጭሱ በቱቦው ቀጥ ብሎ ወጣ። አባባ ተሰማን ደግፌ አስገባኋቸው። ተቀመጡ፣ ጉልበታቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ፣ «ደግ ነው» አሉ፣ ወዲያው አንቀላፉ። እኔ ከውጭ ሆኜ ሲያንኮራፉ ስሰማ፣ በሕይወቴ የሰማሁት ምርቃት ሁሉ እዚያ ውስጥ የነበረ መሰለኝ።

በአንድ አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ጭነናት ወደ ዝዋይ ተነሳን። በየፌርማታው ሰው አፉን ከፍቶ አየን። መንገድ ላይ አንድ የኬላ ዘበኛ አስቆመን።

«ይህ ምንድነው?»

«ጀልባ።»

«ያ የቆመውስ?»

«የጭስ ማውጫ።»

«ጀልባ ላይ?»

«ይበርዳታል» አልኩት። ብዙ አሰበና ኬላውን ከፈተልን።

በኅዳር ጽዮን ዕለት ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ነበርን። ብርዱን አልነግራችሁም፤ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ከሩቅ ይሰማ ነበር ብዬ ልለፈው። ጀልባዋን ገፍተን አስገባናት። ወደ ምድጃው በኩል ትንሽ ዘንበል አለች እንጂ እንደ ዳክዬ ቁጭ አለች። ሁለት የደሴቱ ሰዎች ሊቀዝፉልን ገቡ። ሙሉነሽ ልጅቱን ይዛ ክፍሉ ውስጥ ገባች። ምድጃውን ለኮስኩ፤ ጭሱ ቀጥ፣ ክፍሉ ሙቅ። ሁሉ ሞላ።

«ይግቡ አባባ፣ ሞቋል» አልኩ።

አባባ ተሰማ ጥላቸውን አቅፈው ፊት ለፊት፣ ከለላ በሌለው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«አልገባም» አሉ።

«ለምን?»

«ስለቴ እንደዚያ አይደለም።»

«ስለትዎ ጥላ አይደለም እንዴ?»

«ጥላው ስጦታው ነው። እኔ ግን ‹ልጄን ብታተርፊልኝ፣ ብርዱንና ንፋሱን ችዬ፣ ጥላሽን በእጄ ይዤ እመጣለሁ› ነው ያልኳት። እሳት ዳር ቁጭ ብዬ እመጣለሁ አላልኩም።»

እጄ ላይ የነበረችውን ሁለተኛዋን ጣሳ ለሙሉነሽ አቀበልኳት። «ግቢ ውስጥ ገብተው አንቀላፍተው የለም ወይ?»

«ያ ግቢ ነው። ስለቱ ሐይቁ ላይ ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ስሠራ፣ ስታፈን፣ ስቃጠል ለምን አልነገሩኝም?»

ወደ ውኃው እያዩ፣ «ትንሳፈፋለች ብዬ መቼ አሰብኩ» አሉ።

ሙሉነሽ ከመስኮቱ ብቅ ብላ፣ «አባዬ፣ ጉልበትዎ። ሐኪሙ ያለውን ረሱት?» አለች።

«ሐኪሙ ስሳል አብሮኝ አልነበረም።»

እንግዲህ ነጋዴ ነኝና ተከራከርኩ። በሩ ተከፍቶ በሩ ላይ ይቀመጡ አልኩ፤ እንቢ አሉ። እግርዎን ብቻ ያስገቡ አልኩ፤ «ጽዮን እግርና ራስ ለይታ አትገበያይም» አሉ። አንደኛው ቀዛፊ፣ «ትልቁ ንፋስ ሳይነሳ እንሂድ ጌታዬ፣ ሽማግሌና ሐይቅ በክርክር አይሸነፉም» አለኝና ሁለቱም መቅዘፍ ጀመሩ።

ትንሽ እንደሄድን የአባባ ተሰማ ከንፈር መልኩን ለወጠ። በአንድ እጃቸው ጥላውን፣ በሌላው ጉልበታቸውን ጨብጠዋል። ይህ ጉልበት ተሸክሟቸው ከጀልባ ካልወረደ ጥላውን ማን በእጁ ያስገባል? ቢመለሱ ስለቱ ቀረ፤ ቢቀጥሉ እሳቸው ሊቀሩ ነው። ሰውየውን ማሞቅ አለብኝ፤ ሰውየው ደግሞ እንዳይሞቁ ለእመቤታቸው ቃል ሰጥተዋል። ሕይወቴን ሙሉ የማይገዛ ሰው አይቼ አላውቅም፤ የማይገዛው ያልጠየቀውን ዕቃ ስታቀርቡለት ነው። ወደ ኋላ ሄጄ ቱቦውን አየሁት። ከቱቦው አጠገብ ለቀዛፊ ማረፊያ የሠራሁት ጠባብ መቀመጫ አለ። ክፍት፣ ጣሪያ የለው፣ ንፋሱ በሁለቱም ጎን ያልፍበታል።

«አባባ» አልኩ ድምፄን የተቸገረ ሰው ድምፅ አድርጌ፣ «ቱቦው ላልቶብኛል። ከወደቀ እሳቱ ወደ ልጅቱ ነው የሚመለሰው። እኔ ውስጥ ምድጃውን ልጠብቅ፣ ቀዛፊዎቹም እጃቸው አልተረፈም። በጀርባው ደገፍ አድርጎ የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ።»

ረዘም አድርገው አዩኝ። ከእኔ ወደ ቱቦው፣ ከቱቦው ወደ ሽቦው፣ ከሽቦው መልሰው ወደ እኔ።

«አጥብቀህ አላሠርከውም?»

«ቸኩዬ ነው።»

«አንተ ሠራተኛ አይደለህም» አሉ። ጥላውን ይዘው፣ የክፍሉን ግድግዳ ተደግፈው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ተቀመጡና ጀርባቸውን ለቱቦው ሰጡት። «ሥራ ከሆነ ምን ይደረጋል» አሉ። ትከሻቸው ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። ፊታቸው ግን ወደ ንፋሱ ነበር፤ አንዴም አላዞሩትም።

እኔ ውስጥ ገብቼ በላብ ተጠመቅሁ። ሐይቁ መሀል ስንደርስ ግድግዳው በጥላው እጀታ ተንኳኳ። መስኮቱን ከፈትኩ።

«ምን ፈለጉ አባባ?»

«ቱቦው እንደገና እየላላ ነው» አሉ። «ሁለተኛዋን ጣሳ አስገባበት።»

አስገባሁ። ሙሉነሽ ጣሳዋን ስታቀብለኝ ሳቋን በነጠላዋ ይዛ ነበር።

ደሴቱ ላይ ስንደርስ ከበሮው ይሰማል። ደግፌ ላወርዳቸው እጄን ዘረጋሁ፤ ገፉት። በገዛ ጉልበታቸው ወረዱ፣ ጥላውን ከነጠላው ፈትተው ዘረጉት፣ ዘርፉ በንፋሱ ተንቀጠቀጠ፤ ዳገቱን ልጅቱን በአንድ እጅ፣ ጥላውን በአንድ እጅ ይዘው ወጡ። ደጀ ሰላሙ ላይ የልጅነት ባልንጀራቸው የሆኑት ቄስ ጥላውን በሁለት እጃቸው ተቀበሏቸው፤ ሙሉነሽ እልል አለች።

«ስለትህን ይቀበልልህ ተሰማ» አሉ ቄሱ። «እንዲያው ብርዱ እንዴት አደረገህ?»

«ፊቴን ጨርሶ ገረፈው» አሉ አባባ ተሰማ።

እውነታቸውን ነው፤ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ስለ ጀርባቸው የጠየቃቸው ሰው የለም።